የምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራ በጽሑፍ ይውጣ፦ ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ያመጣሁት ጥያቄ ለዓመታት ስናልፈው የኖርነው ነው። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሥራው ምንድን ነው? ሰውየውን በዜና እናየዋለን። ጉባኤ ይከፍታል፣ ፕሮጀክት ይመርቃል፣ ክልል ይጎበኛል። ግን የትኛው ሥራ በእጁ እንዳለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው፣ ሲበላሽም በምን እንደሚጠየቅ የሚነግረን የለም።

ሕገ መንግሥቱን ከፍቼ ደግሜ አነበብኩት። አንቀጽ 74 የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩም ረጅም ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 75 ግን ሦስት ነገር ብቻ ተናግሮ ያበቃል። ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይቶ የሚሰጠውን ሥራ ይሠራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶት ይሠራል። ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ለምክትሉ ተለይቶ የተሰጠው ሥራ በጽሑፍ ለሕዝብ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የማይኖርበት ጊዜ ሲባል ጉዞን ነው፣ ሕመምን ነው፣ ሞትን ነው ወይስ ሥልጣን መልቀቅን? ይህ በሕግ ይለይ፤ የቀን ገደብም ይቆረጥለት። አንድ ሰው መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ወክሎ ሲፈርም በምን ሥልጣን እንደፈረመ ማወቅ መብታችን ነው። እስቲ ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

መልሶቹ ካሰብኩት በላይ በዙ። ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለሚገቡ አንባቢዎች በየቁጥሩ ፍሬ ነገሩን እዚህ አስቀምጫለሁ።

መልስ 1። ከደሴ የሚጽፉ አንድ አባት ናቸው። በትሕትና አመስግነው ጀመሩ፣ ከዚያ ግን አልተስማሙም። ምክትል ማለት ረዳት ነው፤ ረዳት ደግሞ እንደ ጊዜውና እንደ አለቃው ይሠራል ባይ ናቸው። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ውጭ ጉዳይን ይሰጠዋል፣ ሌላው እርሻን። ሕጉ ቢዘረዝረው እጅ ያስራል ብለው ይሰጋሉ። ለምሳሌ አቶ አዲሱ ለገሠ ምክትል ሆነው ግብርናንና ገጠር ልማትን ይመሩ እንደነበር፣ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ደግሞ ምክትልም ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም እንደነበሩ አስታወሱ። ምሳሌዎቹ ልክ ናቸው። እኔም ሕጉ ሥራውን ለዘለዓለም ይዘርዝር አላልኩም። እያንዳንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሰጠውን ያሳውቀን ነው ያልኩት።

መልስ 2። አንድ ወጣት የ2004 ዓ.ም.ን ክረምት አነሳ። አቶ መለስ ማረፋቸው በተነገረ ዕለት አቶ ኃይለማርያም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፣ ሥርዓቱ ሠርቷል፣ ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው ሲል ጠየቀ።

መልስ 3። እርማት ነው። ያረመችው እህት ቀኖቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። አቶ መለስ ብራስልስ ውስጥ ያረፉት ነሐሴ 14 ነው። ዜናው የተነገረው በማግስቱ ነው። ቀብሩ ነሐሴ 27 ተፈጸመ። የኢሕአዴግ ምክር ቤት አቶ ኃይለማርያምን ሊቀመንበር አድርጎ የመረጠው በመስከረም የመጀመሪያ ቀናት ሲሆን፣ በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወር ያህል አገሪቱን የመሩት በምክትልነት ወንበራቸው ተጠባባቂ ሆነው ነው። እሷ ከዚህም ወደ ኋላ ትሄዳለች። በሐምሌ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ አቶ መለስ አልነበሩም። ያኔ የት ናቸው የሚለውን ጥያቄ ሰው በሹክሹክታ ነበር የሚጠያየቀው። በዚያ ክረምት ምክትሉ ምን ምን ውሳኔ በራሳቸው ፊርማ አሳለፉ? በጽሑፍ የወጣ ነገር አላየሁም ብላ ደመደመች።

በእኔ ዕይታ የክሩ ዋና መልስ ይኸኛው ነው። ያ ወር በሰላም ማለፉ ደግ ነገር ነው። ያለፈው ግን በሰዎቹ ትዕግሥትና በፓርቲው ስምምነት ነበር፤ ሕጉማ ስለዚያ ወር የሚለው የለውም።

መልስ 4። የሕግ ተማሪ ነው፣ ረጅም ጻፈ። መጀመሪያ አንቀጽ 73ን ጠቀሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ስለዚህ ምክትሉ ወራሽ አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ምክር ቤቱ ነው። እስከዚህ ያለው ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ቀጥሎ ያነሳው ግን አዲስ ነው። አንቀጽ 60ን እዩት ይላል። ጥምር መንግሥት አብላጫ ድምፁን ሲያጣ ፕሬዚዳንቱ ፓርቲዎችን ለአዲስ ጥምረት የሚጋብዘው በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲመሠርቱ ነው። ምክር ቤቱ ከተበተነ ምርጫ በስድስት ወር ውስጥ ይደረጋል። በመሀል የሚቆየው መንግሥትም የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማዘጋጀት ባለፈ አዲስ አዋጅ ማውጣት ወይም ያለውን መለወጥ አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች በዚያ ቦታ ቀንም ገደብም አስበው አስቀምጠዋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሞት ወይም ሲለቅ ግን ቀኑም የለም፣ ገደቡም የለም። የተጠባባቂነት ጊዜ ሳምንትም ዓመትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ልጅ ክብር ይስጥልን።

መልስ 5 ምስጋና ብቻ ነው።

መልስ 6። ምክትሉ የግድ የምክር ቤት አባል መሆን አለበት ወይ የሚል ጥያቄ።

መልስ 7። የሕግ ተማሪው ተመልሶ መለሰ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት ከሁለቱ ምክር ቤቶች ወይም ከውጭ፣ ብቃቱ ካላቸው ሰዎች ሊታጩ ይችላሉ። አንቀጽ 75 ለምክትሉ የተለየ ግዴታ አላስቀመጠም። እንግዲህ ከምክር ቤቱ ውጭ የመጣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩን ተክቶ ሊሠራ ይችላል፣ ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ሊመረጥ ግን አይችልም ማለት ነው። ይህ ክፍተት በደንብ ሊታሰብበት ይገባል።

መልስ 8። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለብዙ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራች እህት ናት። ይህን መልስ ሳነበው ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት። ኃላፊያቸው ለሥልጠና ብሎ ይሄዳል። ይመለሳል ሲባል ሳምንት በሳምንት ላይ ተጨመረ። ምክትሉ ቢሮ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሻይ ያዛል፣ ስብሰባ ይመራል። የክፍያ ሰነድ ሲቀርብለት ግን እጁን ይሰበስባል። ለምን ቢባል የውክልና ደብዳቤ አልተጻፈለትም። ፋይናንስ ደግሞ ያለ ደብዳቤ ፊርማውን አይቀበልም። የክትባት ዘመቻ የወጡ ሠራተኞች ቀን አበላቸውን ሳያገኙ ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ አቧራ ለበሰ። በመጨረሻ ኃላፊው በሰው እጅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከ። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እገሌ ተክቶ ይሥራ፣ ክፍያ ይፈርም፣ ቅጥርና ዝውውር ግን አይፈጽም ይላል። ግልባጭ ለፋይናንስ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት፣ አንዱ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በዚያው ቀን ሥራው ተንቀሳቀሰ። እንግዲህ ለወረዳ የሚያስፈልግ ደብዳቤ ለአገር እንዴት አያስፈልግም ስትል ጠየቀች።

እኔ በመነሻዬ ላይ ልል የፈለግኩትን እሷ በአንድ ደብዳቤ አስቀመጠችው። የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የሚችለው፣ የማይችለው፣ ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ።

መልስ 9። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ብዙዎቻችን ጋሼ ብለን የምንጠራቸው። የደርግን ዘመን አነሱ። በ1982 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ሲለቁ ምክትላቸው ኃይሉ ይመኑ ተጠባባቂ ሆኑ። ተጠባባቂ እንደሆኑም እስከ ሚያዝያ 1983 ቆዩ፣ ከዚያ ተስፋዬ ዲንቃ ተሾሙ። ከአንድ ዓመት በላይ በተጠባባቂነት! ጋሼ እንደሚሉት ያኔ ሥልጣኑ ሁሉ ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ስለነበር የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንበር ተጠባባቂ ይኑረው አይኑረው ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ከነሙሉ ክብደቱ የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያ ነገር ቢደገም ጉዳቱ ሌላ ነው ሲሉ አስጠነቀቁ።

መልስ 10። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ሁላችንንም በአንድ ላይ ወቀሰ። አንቀጽ ትቆጥራላችሁ፣ ሥልጣን ያለው ግን ፓርቲ ውስጥ ነው አለ። ማስረጃውንም አቀረበ። በጥር 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ብልጽግና ፓርቲ አቶ ደመቀ መኮንንን ከፓርቲው ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሸኝቶ አቶ ተመስገን ጥሩነህን መረጠ። ምክር ቤቱ አቶ ተመስገንን ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ የሾመው ጥር 30 ነው። እንግዲህ ምክትሉ ማን እንደሚሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ተወስኗል፣ ምክር ቤቱ እጁን ያወጣው በኋላ ነው ባይ ነው።

የቀኖቹ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ሥልጣን በፓርቲ በኩል መምጣቱ በፓርላማ ሥርዓት የተለመደ ነገር ነው። ፓርቲ ስለወሰነ ሥራው በጽሑፍ አይውጣ የሚያሰኝ ግን አይደለም። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የበለጠ የሚያስፈልገው።

መልስ 11። ከእስራኤል፣ ከነታንያ የምትጽፍ እህት ናት። እዚያ አገር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አብዛኛው የክብር ስም ነው። ከመካከላቸው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው የሚተካው አስቀድሞ በስም የሚታወቅ አንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 2006 አሪኤል ሻሮን አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሆስፒታል ሲገቡ ኢሁድ ኦልመርት በዚያው ሌሊት ሥልጣኑን ተረከቡ። ሕጉ ለዚህ መቶ ቀን ነው የሚሰጠው። መቶው ቀን ሲሞላ ሻሮን እንደማይመለሱ በሕግ ተቆጠረ። እሷ ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ወላጆቿ በሬዲዮ በአማርኛ የሚሰጠውን ዜና ጆሯቸውን ሰጥተው ሲሰሙ ትዝ ይላታል። የገረማቸው የማን ተራ እንደሆነ ማንም አለመጠየቁ ነው።

መልስ 12። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። የአገሩን ሕገ መንግሥት 25ኛ ማሻሻያ አነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የጸደቀውን። ፕሬዚዳንቱ ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ደብዳቤ ጽፎ ለምክር ቤቶቹ መሪዎች ይልካል፣ ሲመለስም ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጆ ባይደን ለሕክምና ምርመራ ማደንዘዣ ሲወስዱ ካማላ ሐሪስ ለሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሥልጣኑን ያዙ። ለዚያች ሰዓት እንኳ ደብዳቤ ተጽፏል አለ።

መልስ 13። ይሄኛው በአንተ ነው የጀመረው። እስካሁን ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር። አሜሪካ የተቀመጠ ሁሉ አሜሪካን ምሳሌ ያደርጋል፣ የእነሱ ምክትል ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአንድ ካርድ በሕዝብ የተመረጠ ነው፣ የእኛው ተሿሚ ነው፣ ምን አገናኛቸው ብሎ ተቆጣ። ቁጣው ከልክ አለፈ እንጂ ነጥቡ ልክ ነው። የአሜሪካው ምክትል ይወርሳል፣ የእኛው አይወርስም። ደብዳቤው ግን ለሁለቱም ይሠራል። ደብዳቤ ለመጻፍ በሕዝብ መመረጥ አያስፈልግም።

መልስ 14። ከለንደን፣ በአጭሩ። እንግሊዝ ውስጥ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ቋሚ የሕግ ወንበር አይደለም፤ አንዳንዴ ይኖራል አንዳንዴ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ቦሪስ ጆንሰን በኮሮና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ዶሚኒክ ራብ ተክተው ሠሩ። ያኔም የሥልጣናቸው ልክ የት ድረስ ነው እየተባለ ጋዜጠኛው ሁሉ ሲጠይቅ ነበር። ያልተጻፈ ነገር እንግሊዝንም አደናግሯል ማለት ነው።

መልስ 15። አንድ ሰው አቶ ኃይለማርያም በ2010 ዓ.ም. ሲለቁ አቶ ደመቀ ተጠባባቂ ሆነው ነበር ብሎ ጻፈ።

መልስ 16። ወዲያው ታረመ። አቶ ኃይለማርያም መልቀቂያቸውን ያሳወቁት የካቲት 8 ነው። ወንበሩን ግን ወዲያው አልተዉም። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ በሥራቸው ላይ ቆዩ። በመሀሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። እንግዲህ በ2004ቱ ምክትሉ ተካ፣ በ2010ሩ የለቀቀው ራሱ ጠበቀ። ሁለቱ ጉዳዮች ሁለት መንገድ ሄዱ፤ የትኛው በየትኛው ጊዜ እንደሚሠራ የሚለይ ሕግ የለም። አራሚው ወንድም ይህን ሲጽፍ ምንም ቁጣ አልነበረበትም፣ ስላስተማረን ላመሰግነው እወዳለሁ።

መልስ 17። የ2005ቱን ሹመት ያስታወሰ ሰው ነው። ኅዳር 20 ቀን አቶ ደመቀ መኮንን ትምህርት ሚኒስቴርን እንደያዙ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ቀን አቶ ሙክታር ከድርና ዶክተር ደብረጽዮን ገብረ ሚካኤል በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ማዕረግ የክላስተር፣ ማለትም ሥራቸው የሚቀራረብ መሥሪያ ቤቶች ስብስብ፣ አስተባባሪ ተደረጉ። አንዱ መልካም አስተዳደርን፣ አንዱ ፋይናንስና ኢኮኖሚን። ሕገ መንግሥቱ ስለ አንድ ምክትል ሲናገር ሦስት ሰው ከየት መጣ የሚለው ክርክር ያኔ በየካፌው እንደነበር ጻፈ። መንግሥት ማዕረግ ነው እንጂ ወንበሩ አይደለም በሚለው ነበር የሚያስኬደው።

መልስ 18። በ17 ላይ ጭማሪ። ከአቶ ሙክታር በኋላ ያንን የመልካም አስተዳደር ክላስተር በዚያው ማዕረግ የያዙት ወይዘሮ አስቴር ማሞ ናቸው፤ ሴት በዚህ ደረጃ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ መሆናቸው አይረሳ አለች ጸሐፊዋ። አይረሳም።

በነገራችን ላይ የክላስተሩ አሠራር አንድ ጥሩ ጎን ነበረው። የማን ኃላፊነት የቱ እንደሆነ ቢያንስ በርዕስ ደረጃ ይታወቅ ነበር። ሰው የኢኮኖሚው ክላስተር ማን ጋ ነው ቢባል ስም መጥራት ይችል ነበር። እኔ የምጠይቀው ያንን ነው፣ ያለ ማዕረግ ብዛት።

መልስ 19 እስከ 22። እነዚህን በአንድ ላይ አልፋቸዋለሁ። ምክትልነት የብሔር ማመጣጠኛ ነው የሚል ሐሳብ ተነሳ። አንዱ ከኢሕአዴግ ጊዜ ጀምሮ ከየትኛው ድርጅት ማን እንደተቀመጠ ደረደረ፦ አቶ ታምራት ላይኔና አቶ አዲሱ ከብአዴን፣ አቶ ኃይለማርያም ከደኢሕዴን፣ አቶ ደመቀ ከብአዴን። ዋናው ከአንዱ ሲሆን ምክትሉ ከሌላው ይሆናል ባይ ነው። ሌላው ይህ አገር የማፍረሻ ወሬ ነው ብሎ ተነሳበት። ሦስተኛው የአቶ ታምራትን በ1989 መነሳትና በኋላ በሙስና መፈረድ አምጥቶ ሲሾም ያልበላን ተረተ። አራተኛው ስድብ ጻፈ፤ አወያዩ አጠፋው። አወያዩ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ ስለ ወንበሩ እንነጋገር፣ ስለ ተቀማጩ ዘር አይደለም።

እኔ ግን ነገሩን ሸሽቼ ማለፍ አልፈልግም። ማመጣጠኑ እውነት ከሆነ የወንበሩ ሥራ ይበልጥ መታወቅ አለበት። አንድ ሕዝብ ወኪሌ እላይ ተቀምጧል ብሎ ተስፋ ሲያደርግ፣ ያ ወኪል እጁ ላይ ሥራ ከሌለው ያ ሕዝብ ተታሏል።

መልስ 23። ከሪያድ የተመለሰች እህት ናት። ከሁሉም መልስ ይህ ነው ልቤን የነካው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ እሷም ከመካከላቸው ነበረች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ላይ አዋጅ ወጣ። በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ ብሔራዊ ኮሚቴ እንዳለም ሰማች። ይህን ያወቀችው በአጋጣሚ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። የታናሽ እህቷ ደላላ አምልጦ ሲቀር፣ አቤቱታዋን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ፣ አንድም ሰው ጉዳዩ እስከ ላይ ሲደርስ የሚሰበሰበው በማን ሰብሳቢነት እንደሆነ አልነገራትም። ስሙን ባውቅ ኖሮ ደብዳቤዬን ለእርሱ እጽፍ ነበር ነው ያለችው። የጠየቀችው ያንን ያህል ብቻ ነው።

መልስ 24። ለእሷ መልስ ሲሰጥ፣ የአደጋ ሥጋት ሥራም በላይኛው ደረጃ በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰብሳቢነት እንደሚመራ አስታወሰ። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ የእርዳታውን ሥራ የሚያስተባብረው ብሔራዊ ኮሚቴ በአቶ ደመቀ ይመራ ነበር። እንዲህ ከሆነ ምክትሉ ሥራ ፈት አይደለም። ስደትና ረሃብ፣ ሁለቱ ትልልቅ ቁስሎቻችን፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የሚያሳዝነው ይህን ለማወቅ የአዋጅ ገጽ ማገላበጥ ማስፈለጉ ነው።

መልስ 25። ክሩ እዚህ ላይ ወደ አዲስ አበባ ዞረ። ምክትል ከንቲባ ሆኖ እንደ ዋና ከንቲባ መሥራትስ ተብሎ ተጠየቀ። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ኢንጂነር ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ ሲሆኑ የከንቲባው ወንበር ባዶ ነበር። ከከተማው ምክር ቤት ውጭ ያለ ሰው ምክትል ከንቲባ መሆን እንዲችል የከተማዋ ሕግ አስቀድሞ ተሻሽሏል። ወይዘሮ አዳነች አቤቤም በ2012 በምክትልነት ጀምረው ከንቲባ የሆኑት ከምርጫው በኋላ፣ በመስከረም 2014 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ዋና ከተማችን በምክትል ተመራች። ብዙ ሰው ይህን የቃላት ጉዳይ አድርጎ አለፈው። እኔ አላልፈውም፤ ለሰባተኛው መልስ ክፍተት እዚሁ ደጃፋችን ላይ ያለ ማስረጃ ነው።

መልስ 26። ጸሐፊው ሰሜን ሸዋ ነው ያለው። የኅዳር 15 ቀን 2014ን ዜና አስታወሰ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር መዝመታቸው፣ መደበኛውን የመንግሥት ሥራ አቶ ደመቀ ተክተው እንደሚሠሩ በዚያ ቀን ተነገረ። ከተማው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ነበር፣ ጦርነቱ እየቀረበ ነበር። ያንን ዜና ሲሰሙ አንዱ ሽማግሌ መደበኛ ሥራ ማለት ምንድን ነው፣ ጦሩንስ ይጨምራል ወይ ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም። የባይደን ደብዳቤ የተጻፈው ከዚህ አምስት ቀን ቀድሞ መሆኑን ሳስተያየው ልቤ ይቆጫል። እዚያ ለአንድ የሕክምና ምርመራ፣ እዚህ ለጦርነት።

መልስ 27። ከናይሮቢ። የኬንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪጋቲ ጋቻጓ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከወንበራቸው የተነሱት በፓርላማውና በሴኔቱ ድምፅ ነው። ቦታው ሲለቀቅ ፕሬዚዳንቱ በ14 ቀን ውስጥ ዕጩ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ድምፅ ይሰጣል። የመነሳታቸው ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። ቀኑ ግን ተጽፏል።

መልስ 28። መልስ 10ን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ቀልድ አይደለም አለ። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፣ የክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ሕልም ነው የምታልሙት ብሎ ደመደመ።

መልስ 29። የሕግ ተማሪው ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉ ጠንከር አለ፣ ግን አልሰደበም። ሕገ መንግሥቱን መንካት የማያስፈልገው ብዙ ነገር አለ ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክትሉ የሰጠውን ሥራ በደብዳቤ ለተወካዮች ምክር ቤት ማሳወቅ አዋጅ እንኳ አይፈልግም፣ ፈቃደኝነት ይበቃል። ተክቶ ሲሠራም የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የማይነካቸውን ጉዳዮች ጭምር መግለጽ በመደበኛ አዋጅ ሊደነገግ ይችላል። ወንበሩ በሞት ወይም በመልቀቅ ባዶ ሲሆን ምክር ቤቱ በስንት ቀን ውስጥ ይሰብሰብ የሚለው ግን ክርክር ያስነሳል። እሱ 30 ቀን ብሏል። እኔ 15 ይበቃል እላለሁ። ምክር ቤቱ በክረምት ዕረፍት ላይ ቢሆንም አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ይቻላል፤ በ2004ቱ ሐዘን ወቅት የጠበቅነው ወር ለአንድ አገር ረጅም ነው።

መልስ 8ን የጻፈችው እህት በዚህ መልስ ሥር አንድ መስመር ጨምራለች። ደብዳቤው ሲጻፍ ግልባጩ ለሕዝብ እንዲሆን አደራ አለች።

መልስ 30። እስካሁን የመጨረሻው ይህ ነው፣ ከጎንደር። ጠቅላይ ሚኒስትሩና ምክትሉ በአንድ ጊዜ ከአገር ቢወጡ፣ ወይም አንድ አደጋ ሁለቱንም ቢያገኛቸው ማን ይተካል ተብሎ ተጠየቀ። አንቀጽ 75 ሦስተኛ ሰው አይጠቅስም። በዚህ ላይ ሐሳብ ያላችሁ ከ31 ጀምሮ ቀጥሉ።